ሦስትና ዘጠኝ

ወንድሜ ሂሳብ የተማረው ሱዳን ተሻግሮ ነው። ጣሊያን መተማን ሲይዝ ትምህርቱን ትቶ እናታችን ዘንድ ተመለሰ። አንድ ቀን ከጓሮ አሥራ ሁለት ጠጠር ለቅሞ እንደ ሰዓት በክብ ደረደረልኝ። እያንዳንዱን ቁጥር በሰባት አባዛ፤ ከአሥራ ሁለት ካለፈ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እየቀነስህ ጣል፤ ጠጠሩንም የቀረው ቁጥር ቦታ አስቀምጥ አለኝ። አንድ ወደ ሰባት ሄደ፣ ሰባትም ወደ አንድ። ሦስት ወደ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ወደ ሦስት። ስድስትና አሥራ ሁለት ካሉበት አልተነሡም።

«ሦስትን፣ ስድስትን፣ ዘጠኝን፣ አሥራ ሁለትን እያቸው» አለኝ። «የትኞቹንም ብትደምር ከራሳቸው አትወጣም። በሰባት ብታባዛቸውም ወይ ባሉበት ይቀራሉ ወይ እርስ በርስ ቦታ ይለዋወጣሉ እንጂ ከቤታቸው አይወጡም። እንግዳም አይገባባቸውም።»

ለምን? አልሁት። ራስህ ፈልገው፣ ስመለስ ትነግረኛለህ አለኝ። ጣሊያኖች ለመንገድ ሥራ ከየቤቱ አንድ ወንድ አዘው ነበር። እሱ ሄደ፤ እኔን አስቀረኝ።

ንዳድ ገደለው። መንገዱ ዳር መቀበሩን አብሮት የሠራ ጎረቤት መጥቶ ነገረን። ከለቅሶው ሳንነሣ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ መጣና ከዚህ ቤት አንድ ሰው ይፈለጋል አለ። አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«በወንድምህ ቦታ ትገባለህ፤ ቤቱ እንዳይጎድል።»

እናቴ ስንቅ ቋጠረችልኝ።

የቁጥሮቹን ምክንያት ያገኘሁት መንገድ ሥራው ላይ ድንጋይ ስፈልጥ ነው። አራቱም የሦስት ብዜቶች ናቸው። የሦስት ብዜት በምንም ቢባዛ፣ አሥራ ሁለትም ራሱ የሦስት ብዜት ስለሆነ ቢጣልም፣ ያው የሦስት ብዜት ነው። በሰባት ስናባዛ ደግሞ ሁለት ቁጥር አንድ ቦታ አይገናኝም፤ አራቱ አራቱን ቦታ ከያዙ ለእንግዳ የሚተርፍ የለም። ይኸው ነው። አጭር ነው። የምነግረው ሰው ግን ሞቷል።

አጠገቤ ለሚፈልጥ ጎጃሜ ነገርሁት። «ተማሪው፣ ለእነዚህ ቁጥሮችህ ቀለብ ይሰፈርላቸዋል?» አለኝ። ሳቅሁ። መሳቄ እስካሁን ያናድደኛል።

ጣሊያን ሲወጣ ወደ ቤት ተመለስሁ። እናቴ ብቻዋን ነበረች። እኔ እተኛበት የነበረው መደብ ላይ ማሽላ እንዲደርቅ ተዘርግቷል። አጎቴ ሊጠይቁኝ መጥተው ተመስገን፣ ቤቱ አልጎደለም አሉ። ኋላ ሁለተኛ ደረጃ ስማር እንኳ ይህን ሂሳብ የጠየቀኝ መምህር የለም።

ሦስት ወደ ዘጠኝ ሲሄድ ዘጠኝ ወደ ሦስት ይመጣል። ወንድሜ ያሳየኝ እንደዚያ ነው። እኔ ወደ እሱ ቦታ ሄድሁ። እሱ ወደ እኔ ቦታ አልመጣም።