ሎሚው በላምባ ቆርቆሮ

ዛሬ ጠዋት አከራዬ ከበረንዳዬ የሚመጣው ሽታ አስቆጥቷት መጣች። የሚሸተው በቆርቆሮ ለተከልኩት ሎሚዬ ማዳበሪያ እንዲሆን ውሃ ውስጥ ያከረምኩት የፍየል በጠጥ ነው። እኔን ግን ሽታው አዳማ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለው የልጅነቴ ደጃፍ መለሰኝ።

ያስጠጉን ባለርስት፣ ዛፍ የተከለ ሰው ኋላ መሬቱ የኔ ነው ይላል ብለው ይፈሩ ነበርና ችግኝ እንዳንተክል ከለከሉን። እማዬ ታዲያ ሎሚዋን በላምባ ቆርቆሮ ተከለች። አንድ የታኅሣሥ ጠዋት በብርዱ የበጠጥ ውሃ ስታጠጣው ደረሱባት።

"አልከለከልኩሽም?"

እማዬ ቆርቆሮውን አቅፋ ብድግ አደረገችው።

"ይዩት ጌታዬ፣ መሬትዎን አልነካም።"

መልሳ እዚያው አስቀመጠችውና ማጠጣቷን ቀጠለች።

"ደሞ በዚህ ብርድ ማን ዛፍ ይቀልባል?" ብለው ሳቁባት።

"መሬት ያለው ሥሩን ሰዶ ይበላል። ይሄ ከእጄ በቀር ምን አለው?"

ያኔ ስለ ሎሚው ብቻ የምታወራ መስሎኝ ነበር።

"ኧረ ይሄ ነገር መቼ ነው ከቤቴ የሚወጣልኝ?" አለች አከራዬ፣ አፍንጫዋን እንደያዘች።

"አብረን ነው የምንወጣው" አልኳትና ለሎሚዬ አንድ ጣሳ ጨመርኩለት።