ያልደረቀ ወለል

ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ ሞላሌ መንገድ ዳር ካለው ትምህርት ቤት ጋር እንዲዋሐድ ሲወሰን፣ ለሁለቱ የተፈቀደው በጀት የአንድ ዘበኛና የአንድ ጽዳት ሠራተኛ ብቻ ሆነ። ለዘበኝነቱ እኔ ተመረጥኩ፤ ሌባ ቢመጣ ከሌባው ቀድሜ የምሮጠው ሽማግሌ! ዕድሜ ልኳን አብራኝ የሠራችው ጽዳታችን ግን ተቀነሰች።

በመጨረሻው ቀን እንደ ልማዷ የመማሪያ ክፍሉን ወለል በእበት ለቀለቀችው።

«ነገ እኮ ይዘጋል፤ ለማን ብለሽ ነው?» አልኳት።

«ታዲያ ቆሽሾ ይዘጋ እንዴ ጋሼ?»

ሁልጊዜ እርጥቡን ስረግጥባት «እርስዎ ከልጆቹ ይብሳሉ!» እያለች በመጥረጊያ ታባርረኝ ነበር። ያን ቀንም እንድትቆጣኝ ብዬ፣ ሆን ብዬ በቦቲ ጫማዬ ረገጥኩት። አልተቆጣችኝም። ቁጢጥ ብላ ዱካዬን በእጇ ለቀለቀችውና ወጣች።

በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ።