የሞተሩ ባና

የሞተር ሳይክሌን ካንዴላ ጠርጌ ሞተሩን በባና ስሸፍነው፣ የበግ ጠጉርና የቤንዚን ሽታው ሲቀላቀል ልጅነቴ ይመጣብኛል።

እናቴ ታማ ነበር። አባቴ ሲነጋ በሞተሩ መሐል ሜዳ ከተማ ሐኪም ቤት ሊያደርሳት ማታውን ካንዴላውን ጠረገና፣ ሞተሩን ውርጭ እንዳይመታው ቤት ውስጥ በነበረን አንድ ባና ሸፈነው።

«ዛሬ ከእኛ ይልቅ እሱ ይሙቀው» አለ።

እናቴ ስትንቀጠቀጥ ማየት አላስቻለኝም። አባቴ ሳያይ ባናውን ገፍፌ አለበስኳት፤ ሊነጋ ሲል ወደ ሞተሩ መለስኩት።

ሲነጋ አባቴ ቢረግጠው ቢረግጠው፣ ሞተሩ ፀሐይ እስኪሞቅ አልነሳም አለ። እናቴ መንገድ ላይ አረፈች።

ከቀብር መልስ ጥፋቴን ስነግረው፣ አባቴ ግራሶ ባልለቀቀው እጁ እንባዬን ጠረገልኝ።

«ደግ አደረግሽ ልጄ፤ ሞቋት ነው ያደረችው» አለኝ።

ዛሬ ለሞተሬ የራሱን ባና ገዝቼለታለሁ። ያኛው ከአልጋዬ አይወርድም።