ክዳን የሌለው ድስት

ኤሜቴሪያ ቾኬ ሳይንስ የምታስተምርበት ቀን ምሳ ይዘገያል። ትምህርት ቤቱ ያለው ድስት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በእኔ እጅ ነው። ሳቱርኒና እባላለሁ፤ የኮታ ላካ ትምህርት ቤት ወጥ ሠሪ ነኝ፤ ነበርኩ ማለት ይሻላል። በበሩ ብቅ ብላ «ሳቱ፣ ድስቱን አንዴ» ትለኛለች። «ሾርባውን በባርኔጣሽ ልሥራው?» እላታለሁ። ትስቅና ድስቱን ከነክዳኑ ይዛው ትሄዳለች። እኔም እያጉረመረምኩ በመስኮት አያለሁ፤ ትምህርቱን ደጋግሜ ከማየቴ የተነሳ እኔም ማስተማር እችላለሁ።

በእኛ አገር በባልዲ ያደረ ውሃ ጠዋት በረዶ ሆኖ ነው የሚገኘው። በረዶውን ድስቱ ውስጥ ትገለብጠዋለች። «ይሄ ምንድን ነው?» ትላለች። «ጠጣር!» ይላሉ ልጆቹ። እሳት ላይ ትጥደውና ሲቀልጥ ትጠይቃቸዋለች፤ «ፈሳሽ!» ይላሉ። ፈልቶ መትነን ሲጀምር «ጋዝ!» ብለው ይጮኻሉ። ከዚያ ትከድነዋለች፤ ጥቂት ታቆየውና ክዳኑን ታነሳዋለች። ከክዳኑ ሆድ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ወዴት ሄዶ ነበር?»

«ወደ ላይ!»

«አሁንስ?»

«ተመለሰ!»

ቀጥሎ ወደ ሜዳ ይወጣሉ። «ጠጣር!» ስትል ልጆቹ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው አይነቃነቁም። «ፈሳሽ!» ስትል እጅ ለእጅ ተያይዘው እየተንሸራተቱ ይዞራሉ። «ጋዝ!» ያለች እንደሆነ ተለያይተው እየጮኹ በየአቅጣጫው ይሮጣሉ፤ ሜዳው ዳር የለውምና እስከ ዓይን ጥግ ይደርሳሉ። ያኔ ክዳኑን በማንኪያ ትመታዋለች። ቃ! ቃ! ቃ! የክዳኑን ድምፅ ሲሰሙ ሁሉም እያለከለኩ ተመልሰው ይጣበቃሉ። ክዳኔ ጎድጉዶ ጎድጉዶ ድስቱን መግጠም ያቃተው በዚህ ነው።

አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱ «ፕሮፌ፣ የሳቱ ሾርባ ጠጣር ነው ፈሳሽ?» ብሎ ጠየቃት፤ ልጆቹ መምህርታቸውን የሚጠሯት ፕሮፌ እያሉ ነው። ዴልሚራ የምትባለው፣ ጥርሷ የወለቀ፣ ምላሷ ግን ያልጎደለ ልጅ ቀድማ መለሰች።

«ቀን ፈሳሽ ነው። ማታ አያቴ ሆድ ውስጥ ሲደርስ ጋዝ ይሆናል።»

ኤሜቴሪያ ጥቁር ሰሌዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ ግን ለዴልሚራ በማግስቱ ድንች ቀነስኩባት። ሳትቆጣ በልታ ጨርሳ «ሳቱ፣ ድንቹ ተነነ እንዴ?» አለችኝ።

ኤሜቴሪያን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። የተወለደችው በጀልባ ውስጥ ነው፤ እናቷ ዓሣ ልታወጣ ወጥታ ምጥ ያዛት። እኛ የሐይቅ ሰዎች ነን። አያቶቻችን መሬት የሌላው ነው፣ ውሃ የእኛ ነው ይሉ ነበር፤ ለዚህም ነው አሁን እጃችን ላይ አንድ ክንድ መሬት የሌለው። ከመንደሩ ተምራ መምህርት የሆነች እሷ ብቻ ናት። ከተማ ልታስተምር ትችል ነበር። «የሰው ልጅ አስተምሬ የራሴን ላስደነቁር?» ብላ ተመለሰች። ባሏ ግን ዓሣው ሲያልቅ ሥራ ልፈልግ ብሎ ሄደና ከሥራው ጋር ሌላ ሚስት አገኘ። ልጅ አልወለደችም። የትምህርት ቤቱን ልጆች «የእኔዎቹ» ስትል ማንም አይስቅባትም።

ሐይቁ የሄደው በአንድ ቀን አይደለም። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሸሸ፤ ወንዶቹ ጀልባቸውን እየጎተቱ ተከተሉት፤ እሱ ሲሸሽ እነሱ ችካላቸውን ነቅለው እንደገና ሲተክሉ፣ አንድ ጠዋት የሚከተሉት አጡ። እስከ አድማስ ነጭ ጨውና የተሰነጠቀ ጭቃ ብቻ ቀረ። ወፎቹ ሄዱ። ቀጥሎ ወንዶቹ ሄዱ፤ ቀጥሎ ቤቶች አንድ በአንድ እየተዘጉ ሄዱ። ክፍሉ ሲሳሳ፣ ሜዳ ላይ «ጠጣር!» ስትል የሚጣበቁት አምስት ልጆች ብቻ ሆኑ። ከአምስቱ ሦስቱ የአንድ ቤት ናቸው፤ ዴልሚራና መንታ ወንድሞቿ። እናታቸው ሞታለች። አባታቸው ሩፊኖ ርቆ ጨው ፋብሪካ ይሠራል፤ ያሳደጓቸው አያታቸው ታታ ካሲያኖ ናቸው፤ ታታ በእኛ አባባ ማለት ነው።

ታታ ካሲያኖ እንደሌሎቹ ጀልባቸውን እየጎተቱ አልሮጡም። «ልጅ ሆኜም ሄዶ ያውቃል፤ ተመልሷል። እኔ አልከተለውም፤ እሱ ይምጣ» አሉ። በዚህ ላይ ዴልሚራ የድስቱን ትምህርት ወደ ቤት ወስዳ ነገረቻቸው። እውነት መሆኑን ሊያጣሩ አንድ ቀን ራሳቸው መጥተው በመስኮት አዩ። ክዳኑ ሲንጠባጠብ «አያችሁ!» አሉ ለማንም ሳይሆን፣ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ማን ያሳምናቸው? ሰው ሐይቁ ሞተ ሲላቸው «አንተ ከኤሜቴሪያ ትበልጣለህ?» ይሉታል።

ጀልባ ውሃ ካጣ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ሐይቁ ሲመለስ ጀልባው ተሰንጥቆ እንዳይጠብቀው ታታ ካሲያኖ በየቀኑ ውሃ ያጠጡት ጀመር። ይህን ስህተት የሚሠራ የሐይቅ ሰው ብቻ ነው፤ የመሬት ሰው ጀልባ እንደሚጠማ አያውቅም። የሚያጠጡት ደግሞ ቦቴው የሚያመጣልንን ጣፋጭ ውሃ ነው፤ የጉድጓዱ ጨው ነው፣ እንጨቱን ይበላዋል። እሳቸውና ልጆቹ የጉድጓዱን ይጠጣሉ። ዴልሚራ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ፊቷ ማበጥ ሲጀምር፣ ሜዳ ላይ «ጋዝ!» ሲባል ከመሮጥ ቁጭ ማለት ስታበዛ ነው ኤሜቴሪያ የጠረጠረችው።

«ምን ትጠጪያለሽ ቤት?»

«ውሃ።»

«የቱን ውሃ?»

ልጅቷ ጫማዋን አየች። «ጀልባው ይቅደም ብሏል አያቴ። ሐይቁ ሲመጣ እኔ ብዙ እጠጣለሁ።»

ኤሜቴሪያ የዚያን ቀን ሳይንስ አላስተማረችም። ከራሷ ውሃ ብትሰጣትም ልጅቷ ደብቃ ለጀልባው ወሰደችው። ለሩፊኖ መልእክት ተላከለትና በሳምንቱ መጣ፤ የሰው መኪና ከነሾፌሩ ለምኖ። አራቱንም ይዣቸው ልሂድ አለ። ሽማግሌው እምቢ አሉ። ዴልሚራም የአያቷን ኮት ጨብጣ «እሱ ካልሄደ አልሄድም» አለች። ሩፊኖ አባቱን ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ቢያለቅስ፣ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ሆነበት። በመጨረሻ ወደ ወጥ ቤቴ መጣና ኤሜቴሪያ ፊት ቆመ።

«ፕሮፌ፣ እኔን አይሰሙኝም። ይመለሳል ያልሻቸው አንቺ ነሽ። አንቺው ንገሪያቸው።»

እሱ ሲወጣ በሩን ዘጋሁት። ምን እንደምትል ፊቷ ላይ አይቻለሁና ቀደምኳት።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? ሽማግሌው ከሄዱ ልጆቹ ሄዱ። ሁለት ልጅ ይዘሽ ትምህርት ቤቱን ክፍት የሚተውልሽ ማነው? በገዛ እጅሽ ልትዘጊው ነው?»

«ዴልሚራ ጨው እየጠጣች ነው፣ ሳቱ።»

«ውሃውን እኛ እንከልክላቸው! ጀልባውን እንስበረው! ሌላ መላ አይጠፋም!»

«ሰበርነው እንበል። ሽማግሌው ሌላ ጀልባ ይሠራሉ፤ ተስፋቸውን ማን ይሰብረዋል? የሰጠሁት እኔ ነኝ። ድስቱን ስጪኝ» አለች።

ክዳኑን ጨምሬ ሰጠኋት። ክዳኑን መለሰችልኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ድስቱን ያለ ክዳኑ ወስዳ አታውቅም።

ታታ ካሲያኖ ደረቁ ሐይቅ መሐል፣ ጀልባቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የኮካ ቅጠላቸውን ያኝካሉ። ገመዱ እንደ ድሮው ከችካሉ ጋር ታስሯል። እኔ ኩበት ተሸክሜ፣ ክዳኑን በብብቴ ይዤ ተከትያት ሄድኩ። ኤሜቴሪያ ሦስት ድንጋይ አቀረበች፣ እሳት አያያዘች፣ ከቦቴው ውሃ አንድ ጣሳ ድስቱ ውስጥ ጨመረች።

«ዛሬ ደግሞ እኔን ልታስተምሪኝ ነው?» አሏት እየሳቁ። «ዕድሜዬ አላለፈም ብለሽ?»

«ቁጭ ብለው ይዩልኝ፣ ታታ።»

ውሃው ፈላ። እንፋሎቱን ነፋሱ እየነጠቀ ወሰደው። ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ።

«ክዳኑስ?»

«የለም።»

«እንዴት የለም? ያው ሳቱርኒና ብብት ውስጥ አይደል እንዴ!»

«ሐይቁ ላይ ክዳን የለም፣ ታታ።»

  ውሃው እየጎደለ ሄደ፤ ድስቱ ማፏጨት ጀመረ።

«ልጅ ሆኜ ተመልሷል እኮ» አሉ፤ ድምፃቸው አንሶ።

«ያን ጊዜ ወንዙ ነበር። አሁን ወንዙን ከላይ ጠልፈውታል፤ ጭቃ እንጂ ውሃ አይደርሰንም። ዝናቡም ቢሆን ያለፉትን ዓመታት አይተዋል።»

«ይመለሳል ብለሽ ነው ለልጆቹ ያስተማርሽ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ውሸት አላስተማርኩም» አለች። «ይመለሳል። የሆነ አገር ይዘንባል፣ የሆኑ ሰዎች ይጠጡታል። ወደ እኛ አይደለም እንጂ።»

ድስቱ ደረቀ። ሥሩ ላይ ስስ ነጭ ቆሻሻ ቀረ። ታታ ካሲያኖ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ውስጡን አዩት፣ የወደቀባቸው ነገር ያለ ይመስል። እኔ ክዳኑን በኃይል ጨብጬ ነበር፤ ልከድንላቸው ፈልጌ ነበር፣ እግዜር ያውቃል። በኋላ ቀና ብለው ጀልባውን ዳበሱት፤ እንጨቱ ከጠዋቱ ውሃ ገና እርጥብ ነው።

«ልጅቱ ፊቷ ያበጠው በዚህ ነው?»

«አዎ፣ ታታ።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ፣ ልጄ?» አሉ።

በእኛ ዘንድ ዓሣ አጥማጅ ሲሞት ጓደኞቹ ጀልባውን ከችካሉ ይፈቱታል፤ ትከሻቸውን ሰጥተው ወደ ውሃው ይገፉታል፣ ከዓይን እስኪሰወርም ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሩፊኖ ለምኖ ያመጣው መኪና ዕቃ ተጭኖበት ሲጠብቅ፣ ታታ ካሲያኖ ወደ ጀልባቸው ሄደው ገመዱን መፍታት ጀመሩ። ሩፊኖ ደንግጦ ሮጠ።

«አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው? አልሞትክም እኮ!»

«እዚያ ስሞት ማን ይፈታልኛል? ቁመህ አትየኝ፣ ግፋ።»

ሩፊኖ ገፋ፤ አልተነቃነቀም። እኔ ተጨመርኩ፣ ሾፌሩ ተጨመረ። ጭቃው ነክሶ ይዞታል። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው እየሳቁ መጡ፤ አምስቱም። ኤሜቴሪያ መሐላቸው ገባች፤ እንባዋን ለመጥረግ እጅ አልነበራትም።

«ጠጣር!» ብላ ጮኸች።

ትንንሾቹ ትከሻ ለትከሻ ተጣበቁ። እኛም ተጣበቅን። ጀልባው አንድ ጊዜ ጮኸና አንድ ሰው ተኝቶ የሚይዘውን ያህል ወደፊት ሄደ፤ ከዚያ በላይ እምቢ አለ። ታታ ካሲያኖ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ከዓይን እስኪሰወር መጠበቅ አለብን፤ ጀልባው ግን እዚያው ነው። ማን ቀድሞ ዞር እንደሚል ጠፋብን። በመጨረሻ ሽማግሌው ራሳቸው ፊታቸውን አዙረው ወደ መኪናው ሄዱ፤ ወደ ኋላ አላዩም።

ዴልሚራ መኪናው ላይ ከወጣች በኋላ በጣሳ ጣፋጭ ውሃ ሰጠኋት፤ እኔ ፊት ጨረሰችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ኤሜቴሪያን ጠራቻት።

«ፕሮፌ፣ አሁን እኛ ጋዝ ነን አይደል?»

«አዎ፣ የእኔ ቆንጆ።»

«ታዲያ ክዳኑን ስትመቺው እንመጣለን።»

መኪናው ተነሳ። የቀሩት ሁለት ልጆች አቧራውን ተከትለው ጥቂት ሮጡና እናታቸው ስትጠራቸው ወደ ቤት ገቡ፤ እነሱም ከወር በኋላ ሄዱ፣ ትምህርት ቤቱም ተቆለፈ። የዚያን ቀን ግን ኤሜቴሪያ ሜዳው መሐል ቆማ ቀረች። እጇን ዘረጋችልኝ። ምን እንደፈለገች ገባኝ፤ ክዳኑንና ማንኪያውን ሰጠኋት።

ቃ! ቃ! ቃ! አደረገችው። አቧራው ወደ አድማሱ እየቀጠነ ነበር። ደግማ መታች። «ተይ እንጂ፣ አንቺ ሴት፣ አይሰሙሽም!» ብዬ ጮኽኩባት፤ ሲከፋኝ መጮህ ነው የማውቀው። እሷ ግን መምታቷን አላቆመችም። የሚመጣ አልነበረም። እኔ ነበርኩ ያለሁት፤ ስለዚህ ወጥ ቤቴን ትቼ ሄድኩና ትከሻዬን ከትከሻዋ አጣብቄ ቆምኩ።