አንሶላው የጋረደው ፊት

ድሬ ላይ በእግር መዞር ያማረው ሰው ፀሐይዋ ሳትበረታ መውጣት አለበት። እኔም ባለፈው ቅዳሜ በጠዋቱ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ የግድግዳ ሥዕል እያየሁ ስዞር ነበር። የሰፈሩ ወጣቶች በየአጥሩ ላይ የሣሉት የገዛ ጎረቤቶቻቸውን ነው። እኔ ደግሞ አንድም ሳይቀረኝ በስልኬ አነሳለሁ።

አንዱ ሥዕል ላይ ግን አንሶላ ተሰቅሎበታል። የሚታየው ሽርጥ የለበሰ ቦርጫም ወንድ፣ ያውም ከአንገቱ በታች ብቻ ነው። ከሥዕሉ ፊት ለፊት ባለው ቤት በር ላይ ሽንኩርት የምትልጥ ሴትዮ አየሁና፣

"እህቴ፣ አንሶላው ደርቋል መሰለኝ። ፎቶ እስካነሳ ገለጥ ላድርገው?" አልኳት።

"ሲሰቀልም ደረቅ ነበር" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

"ታዲያ ለምን ተሰቀለ?"

"አቦ! ሥዕሉ የባሌ ነው። ተኳርፈናል። በር በከፈትኩ ቁጥር ፊቱን ማየት አለብኝ እንዴ?"

ልሄድ ስል ከኋላዬ ባጃጅ ቆመ። ያው ሽርጥ፣ ያው ቦርጭ፣ ከነነፍሱ ወረደ። የሐልዋ ጣፋጭ የያዘ ፌስታል አጠገቧ አስቀመጠና፣ እንዳረፈደ ተማሪ እጁን አጣምሮ ቆመ። እሷ ከሐልዋው ቆርሳ ቀመሰች። ቀስ ብላ አላመጠች። እኔም እሱም አፍ አፏን እያየን ጠበቅን።

በመጨረሻ ተነሳችና አንሶላውን ከአንድ ጎኑ ሰብሰብ አደረገችው። አንድ ዓይን ብቅ አለ።

"በል አንሳ" አለችኝ።

"ሌላኛው ዓይኔስ?" አለ ባልየው።

"እሱ እናቴን ይቅርታ ስትጠይቃት ይገለጣል።"