የዓሣ ቆዳ ጫማ

ጄኔቭ የነበረኝን ሥራ ያጣሁት በዓሣ ቆዳ ጫማ ምክንያት ነው ስላቸው፣ እዚህ ዙሪክ የጸሎት ጉባኤያችን ሰዎች ይስቃሉ። እኔን ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር ያንገሸግሸኛል። በምስክርነት ሰዓት አንዱ ያልደረሰበትን መከራ አሳምሮ ሲተርክ ከሰማሁም ተነስቼ እወጣለሁ።

ጄኔቭ፣ ኦ ቪቭ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ዴንማርካዊት አሮጊት እንከባከብ ነበር። "ማዳም" እላቸዋለሁ። ልጃቸው ከአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት በጡረታ የወጣ ሰው ነው። በዕድሜው አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ አልለውም።

ዴንማርኮች ከጀርመን ወረራ ነፃ የወጡበትን ምሽት በየዓመቱ፣ ሜይ መጀመሪያ ላይ፣ መስኮታቸው ላይ ሻማ እያበሩ ያስቡታል። በወረራው ዘመን መስኮት ሁሉ በጥቁር መጋረጃ ይሸፈን ስለነበር ነው አሉ። ደግ ልማድ ነው፤ ከልማዱ ጋር ጠብ የለኝም።

ልጁ በዚያ ምሽት እንግዳ ይጠራል። በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ ዓሣና ውድ ወይን ይደረደራል። እናቱን መሃል አስቀምጦ "እማማ፣ ስለ ጫማው ንገሪያቸው" ይላል። እሳቸውም ይናገራሉ፤ በጦርነቱ ጊዜ ቆዳ ጠፍቶ በዓሣ ቆዳ በተሠራ ጫማ ትምህርት ቤት እንደሄዱ፣ ዝናብ ሲነካው እንዴት ይገማ፣ ሲደርቅም ተኮማትሮ ጣት ያጣምም እንደነበር። እንግዶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ ከዚያ ያጨበጭባሉ። በጠገበ ሆድ የሰው ችግር ማጣጣም!

ባለፈው ዓመት ግብዣው ሊደርስ ሲል እግራቸውን እያጠብኩ ነበር። ጣቶቻቸው የቀጠኑ፣ ቀጥ ያሉ ናቸው።

"ማዳም፣ ይሄ እግር ከዚያ ጫማ እንዴት ተረፈ?" አልኳቸው ለጨዋታ።

"ተጫምቼው አላውቅም" አሉኝ። "አባቴ ለጀርመኖች ምሽግ ይሠራ ነበር። የእኔ ጫማ ደህና ቆዳ ነበር። የዓሣ ቆዳ የምትጫማው አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ናት። አፍንጫዬን ይዤ ስቄባታለሁ። አሁን ደግሞ በየዓመቱ ታሪኳን እሰርቃታለሁ።"

ውሃው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

"ጀርመን እጁን ሰጠ በተባለ ማታ፣ በሰፈራችን የመጀመሪያዋን ሻማ ያበራው ማን ይመስልሻል? አባቴ ነው። ሳልሞት ለልጅቷ ታሪኳን ልመልስላት እፈልጋለሁ።"

በዚያ ቤት የበላሁት ሁሉ ቀፈፈኝ።

ማታ እንግዶቹ መጡ፤ ሻማዎቹ በሩ። ልጁ "እማማ፣ ስለ ጫማው" አለ። ማዳም ለእኔ የነገሩኝን ሁሉ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሯቸው። ከዚያ ነጠላ ጫማቸውን አወለቁና ባዶ እግራቸውን ወደ እንግዶቹ ዘረጉት። "እዩት" አሉ። ማንም አላየም።

ልጁ ሳቀ። "ዕድሜ ነው" አለ፤ ወደ እኔም ዞሮ፣ "ሰሞኑን ትዘባርቃለች፣ አይደል?"

ሁሉም እኔን አዩ። የመኖሪያ ፈቃዴ የሚታደሰው በዚያ ሥራ ነው። ፈራሁ፤ ግን ከፍርሃቴ ይልቅ ጥላቻዬ በለጠ።

"አይ፣ ማዳም አልዘባረቁም" አልኩ።

ከዚያ አንዷ እንግዳ ዓሣው እንዴት እንደጣፈጣት ታወራ ጀመር፤ ሌሎቹም ተቀበሏት።

"ወደ መስኮቱ ግፊኝ" አሉኝ ማዳም። ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ገፋሁ። ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን ሻማ እፍ አሉት። ወደ ሁለተኛው ገፋኋቸው፤ እሱንም አጠፉት። ትንፋሻቸው እያጠራቸው ወደ ሦስተኛው ስንደርስ ከኋላችን ክብሪት ሲጫር ሰማሁ። ልጃቸው ለእንግዶቹ ፈገግ እያለ፣ እሳቸው ያጠፏቸውን እየተከተለ መልሶ ያበራ ነበር።