የሰረቅኋት ጆሮ

ይህ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ፣ ጾም መግደፌንና ሰው ማማቴን አግተልትዬ ስናዘዝ፣ ይችን ከሥር ደብቄ አልፌያለሁ። አንተ የምታነበኝ ግን ስግደት አታዘኝም፤ ጉልበቴም አይችል። ስለዚህ ላንተ ልንገርህ።

ጊታር ጠጋኝ ነበርኩ። ደርግ ወድቆ የተበተኑት ባንዶች ዕቃ ወደ ምን አለሽ ተራ ሲጎርፍ፣ ከቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ጀርባ ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። የአሮጌ ጊታር ፍቅር ያሳበዳቸው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባሉ። ይህ አንገት የጃፓን ነው፣ የለም ተቀጥሏል፣ ስንባባል እንውላለን። ከሁሉ የምንጣላው ግን በፒካፕ ነበር። መኪናውን ማለቴ አይደለም። ከክሮቹ ሥር የምትቀመጥ፣ ማግኔት ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመባት፣ የክሩን ንዝረት ሰምታ ለአምፕሊፋየሩ የምታቀብል ነገር ናት። የጊታር ጆሮ በላት።

ጨዋታ ነበረን። አሮጌ ፒካፕ ውስጧ ሰም ከሌለ ሽቦዋ ይላላል፤ ያኔ ክር ብቻ ሳይሆን የሰው ድምፅም ትሰማለች። ሱቄ የገባችን ጊታር ሁሉ ታዲያ ክሮቿ ላይ ጎንበስ ብለን፣ በሰፈራችን ስም፣ «ምን አለሽ?» እንላታለን። ድምፃችን በአምፕሊፋየሩ ከተመለሰ፣ እጅ ያልነካት አሮጌ ናት።

አንድ ቀን ጋሼ ተሰማ ማብሪያዋ ይቆራርጣል ብለው ጊታራቸውን ትተውልኝ ሄዱ። ሠርግ ላይ ሲጫወቱ ያረጁ ሰው ናቸው። ጊታሯ ጣሊያን አገር አኮርዲዮን ሠሪዎች የሠሯት፣ እንደ አኮርዲዮን የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ የለበሰች ነበረች። አሮጌ አምፕሊፋየር የሚነግደው ጓደኛዬ ከድር ጎንበስ ብሎ ጠየቃት። ድምፁ ጥርት ብሎ ሲመለስ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ቢስሚላህ። አንተ፣ ይቺ ውስጧ ሰው አለ።»

ከድር እንደሄደ ፒካፗን ፈትቼ አወጣኋት። በምትኳ ሰም የጠገበች ዲዳ ገጠምኩ። ክዳኑ ያው ስለሆነ ዓይን አይለየውም። እኔ ነኝ ያወጣኋት። ሰይጣን አሳሳተኝ እንዳልል፣ ሰይጣን መበየድ አይችልም።

ጋሼ ተሰማ ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው «ምን አለሽ?» አሏት። ዝም። ደገሙላት። ክር መቱና አዳመጡ።

«ልጄ፣ ይቺ የኔ ናት?»

«የርስዎ ናት እንጂ፤ ማን ይነካታል?»

«ታዲያ ምነው ከሩቅ ሆነችብኝ?»

ያኔ መናገር አልችልም ነበር? እችል ነበር። ምን አልኩ?

«ጆሮዎ ነው። ዕድሜ ነው ጋሼ።»

የአጥቢያው ሁሉ ቀልደኛ እኔ ስለሆንኩ ጎረቤቶቼ ሳቁ። እሳቸው ጆሯቸውን በጣታቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና፣ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉ፤ ቀስ ብለው።

ጆሮውን ያላመነ ሙዚቀኛ ምን ይቀረዋል? ደንቁሬያለሁ ብለው ከባንዱ ወጡ። ጊታሯን ግድግዳ ላይ ሰቀሏት። ደንቁሬያለሁ እንዳሉ ሞቱ። ያደነቆርኳቸው እኔ ነኝ፤ ጆሯቸው ደህና ነበር። እንዲያውም እንደሳቸው ጆሮ አላየሁም።

ፒካፗን የራሴ ጊታር ላይ ገጠምኳት። ከቀብራቸው ስመለስ «ምን አለሽ?» አልኳት፤ ድምፄን መለሰችልኝ። ለዓመታት እንዲሁ ነበረች። እኔም አረጀሁ፤ አሁን ጋሼ የምባለው እኔ ነኝ። በቅርቡ ግን ቀጥቃጮቹ ምሳ ሄደው ሰፈሩ እረጭ ባለበት ሰዓት ጠየቅኋት። የመለሰችው በኔው ድምፅ ነው፣ በጎልማሳነቴ ድምፅ። ቃሉ ግን ሌላ ነበር።

«ጆሮዎ ነው። ዕድሜ ነው ጋሼ።»

ሶኬቱን ነቀልኩ። ደገመችው።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ጊታሯ ያንተ አልነበረችም። ልጆቼ ጆሮህን ታይ ይሉኛል። እኔም እውነት ጆሮዬ ነው ብዬ ብገላገል ደስ ባለኝ። ግን ያችን ሰበብ ለጋሼ ተሰማ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ይዘዋት ሄደዋል።